አንዴ የተባለ «በቃኝ»

አየር ጤና ላይ ለታክሲ የተሰለፈ ሰው የማያገኘው ሰው የለም። ማር ነጋዴው ጋሽ ሀብተሥላሴም በነሐሴ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሰልፈኛውን ሁሉ አንድ ጋራዥ ታዛ ሥር ባጎረው ጊዜ፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ራዕይን አጠገባቸው ቆማ አገኟት። ራዕይ ዩኒቨርሲቲዋ ልኳት ጀርመን አገር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ተቀምጣ ዓመት ስትማር ቆይታ ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ነው።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ከቦንጋ መጥተው ኮልፌ ከከተሙ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከአንድ ልጃቸው ከምህረት ጋር ብቻ ይኖራሉ። ያው የጀርመን ዕድል ዘንድሮ ለምህረት ደርሷት፣ መልሷን እስከ ነገ እንድታሳውቅ ተነግሯታል። አባቷ ሲጠይቋት ግን «ይቅርብኝ አባዬ» ብላቸዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሀብተሥላሴ ላገኙት ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ልጄ ራሷ እምቢ አለች» ይላሉ።

«ከሳሽሳ ልጄ! የሰው አገር አይመችም አይደል?» አሏት፣ አዎ እንድትላቸው እየጓጉ።

«አሁን ደህና ነኝ ጋሼ። የመጀመሪያውን ወር ግን እውነትም በረሃብ ልሞት ነበር።»

«አላልኩም? ይሰስታሉ!»

«ኧረ አይሰስቱም። የተቀመጥኩባት ሴት አንኬ ትባላለች፤ አስተማሪ ናት። እራት ላይ ድስቱን ይዛ ‹ልጨምርልሽ?› ትለኛለች። እኔም እንደ አስተዳደጌ ‹በቃኝ› እላለሁ። ድስቱን ይዛ ትሄዳለች።»

«ይዛ ትሄዳለች?» ጋሽ ሀብተሥላሴ ደነገጡ። «‹አፈር ስሆን› የለ? ‹በሞቴ› የለ?»

«ምንም የለም። እኔ ክፍሌ ገብቼ እናቴ የቋጠረችልኝን ቆሎ እቆረጥማለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ጭካኔ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? እኛ አንድ ጉርሻ ያጣላል የምንል ሰዎች ነን። እንግዳ አንዴ በቃኝ ስላለ ይታመናል? ያፍራል እኮ! ጨዋ ሰው ሦስቴ ካልለመኑት የልቡን አይናገርም።»

በዚህ ጉዳይ ጋሽ ሀብተሥላሴ ሊቅ ናቸው። ደጃቸውን የረገጠ ሰው ሳይጠግብ ወጥቶ አያውቅም፤ አንዳንዱም ሆዱን ይዞ ነው የሚወጣው።

«እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው» አለች ራዕይ። «አንድ ቀን ቆሎ ስቆረጥም ተሰምቷት በሬን አንኳኳች። እንባዬ መጣና እውነቱን ነገርኳት። እሷ ከእኔ ብሳ አለቀሰች። ‹ወር ሙሉ ቤቴ ውስጥ ሰው ተርቦ! እኔ እኮ ቃልሽን ያመንኩት ስለማከብርሽ ነው› አለችኝ። ከዚያ በኋላ የምፈልገውን መናገር ለመድኩ። ሲርበኝ ራበኝ፣ ሲከፋኝ ከፋኝ አልኳት። ቤተሰብ የሆንነው ያኔ ነው።»

«አፍ አውጥቶ ስጡኝ ማለትማ ነውር ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያለውም ያገራችን ሰው ነው እኮ ጋሼ። መግደርደሩን አልጠላሁትም። ግን አንዱ አፍሮ እምቢ ሲል ሌላው እውነት መስሎት ከሄደ፣ ያፈረው ጦሙን ያድራል።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ሊሟገቱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «ምህረትስ መቼ ነው የምትሄደው?» አለቻቸው።

«አትሄድም። ራሷ እምቢ አለች።»

«ስንት ጊዜ ጠየቋት?»

ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተጠጋ፤ ጋሽ ሀብተሥላሴ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። የጠየቋት አንዴ ነው፤ ያውም «እኔን ለማን ትተሽ ልትሄጂ ትፈልጊያለሽ?» ብለው። ለማያውቁት እንግዳ ሦስት ጊዜ የሚለምኑት ሰው፣ የልጃቸውን «ይቅርብኝ» ከአፏ ቀልበው ወስደውታል። ያመኗት መልሷ ስለተመቻቸው ነበር። ይህን ባወቁ ጊዜ ከልባቸው አፈሩ።

ራዕይ ነገሩን አልገፋችበትም። «ተራዎ ደረሰ ጋሼ፣ ይግቡ» አለቻቸው። እሳቸውም «አንቺ ቅደሚ» ሊሉ አሰቡና ትተውት ገቡ።

ቤት ሲደርሱ ምህረት እራት አቅርባ ጠበቀቻቸው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ተቀመጡ እንጂ አልቆረሱም።

«ያን ቀን አጠያየቄ ልክ አልነበረም» አሏት። «አሁን እንደገና ልጠይቅሽ። መጀመሪያ ግን የእኔን ልናገር። ባትሄጂ ደስ ይለኛል። ብቻዬን ገበታ መቅረብ እፈራለሁ። ይሄ የእኔ ጉዳይ ነው፣ መላ እፈልግለታለሁ። አንቺስ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አይ አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«ለእኔ ብለሽ እንዳትመልሺ። ያልሽውን አምናለሁ፤ ደግሜም አልጠይቅሽም።»

ምህረት እጇን ከገበታው ላይ አነሳችና አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እፈልጋለሁ» አለች። «በጣም እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ከፋቸው፤ ደስም አላቸው። ሁለቱንም ነገሯት።

ምህረት በመስከረም መጨረሻ ሄደች። በደረሰች በሦስተኛው ቀን ደውላ፣ «አባዬ፣ ዛሬ ሁለቴ አስጨመርኩ» አለቻቸው። አባቷም «መላ እፈልግለታለሁ» ብለው የገቡትን ቃል አልረሱም። እሑድ ከጸሎት ሲወጡ የራዕይን እናት አልማዜን ጠጋ ብለው፣ «ብቻዬን መብላት አልቻልኩም» አሏት። አልማዜ በድንጋጤ ቆመች። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሚስታቸው ካረፉ ጀምሮ ምሳ በጠራቻቸው ቁጥር «ምንም አልጎደለኝም» ስለሚሏት፣ ሰው የማይፈልጉ መስሏት መጥራቱን ትታ ነበር። እነሆ ሁለት ቤት በአንድ አጥር ተጎራብቶ፣ አንዱ ሲጨነቅ ሌላው ሳያውቅ ሁለት ዓመት አለፈ። እውነቱን አንዴ መናገር ያንን ሁሉ ብቸኝነት ባስቀረ ነበር፤ የተደበቀ ረሃብን ጎረቤት ሊያጎርሰው አይችልም።

በዚያው እሑድ አልማዜ ቤቷ ምሳ ጠራቻቸውና ጭልፋውን ይዛ «ልጨምርልዎ?» አለች። «አፈር ስሆን» ለማለትም አፏን አሰናድታ ነበር። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሳህናቸውን ወደ እሷ ገፉት።

«ጨምሪልኝ» አሉ። «ርቦኛል።»