ያልተነካው ሞተር

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. የጥር ወር፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት በእግሬ እያዘገምኩ ሳለ አንድ ቀይ መኪና አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ባለሁለት በር፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው የስፖርት መኪና ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና አንድ ብቻ ስለ ነበር ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ጎንበስ ማለት አላስፈለገኝም።

«መምህር ጌታነህ! ይግቡ እንጂ፣ ፀሐዩ አይጨርስዎት» አሉኝ አቶ ይበልጣል።

አቶ ይበልጣል ጎረቤቴ ናቸው። ከጎጃም መጥተው በእርሻ ልማት የመስኖ ቦይ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። መኪናውን ያገለገለ ገዝቶ በጅቡቲ በኩል ያስመጣላቸው የእህታቸው ልጅ ነው። ከእሳቸው በፊት ስንት ሰው እንደ ነዳው እግዜር ይወቅ። በከተማው ሠርግ ሲኖር ለሙሽራ የሚለመነው ይኸው መኪና ነው፤ እሳቸውም እምቢ ብለው አያውቁም።

ገባሁ። ዳገቱን እንደ ጀመርን ከሞተሩ ሥር «ቋ፣ ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። እኔ የፊዚክስ መምህር እንጂ መካኒክ አይደለሁም፤ ብረት ብረትን ሲደበድብ ግን ማንም ያውቀዋል። እውነቱን ለመናገር ይህን ድምፅ ሁለት ወር ሙሉ በአጥሬ በኩል ስሰማው ነበር። ሽማግሌ የሚኮሩበትን ነገር መንቀፍ ነውር መስሎኝ አፌን ዘጋሁ። ሚዜዎቹም ይሰሙታል፤ እነሱ ደግሞ የቴፑን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ። ይሉኝታችን እንዲህ ነው፤ ሰውየውን ላለማስቀየም ስንል ገደል ሲገባ ቆመን እናያለን።

«እሑድ ጣይቱን የምሸኛት በዚህ ነው» አሉኝ መሪውን እየደባበሱ። ጣይቱ የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ የምትዳረው ለምዕራብ ዓባያ ሰው ነው። «ለሰው ልጅ ሁሉ ያዋስኩትን ለገዛ ልጄ ልነፍግ ነው?»

ይኼኔ ይሉኝታዬ ለቀቀኝ። ያቺ ልጅ በዚህ መኪና ያን ሁሉ መንገድ ስትሄድ ታየችኝና ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ ይህን ድምፅ መካኒክ ሰምቶት ያውቃል?»

«ሰምቶ ምን ሊያደርገው? ይህ እኮ ያልተነካ ሞተር ነው! እጄ ከገባ ጀምሮ ቁልፍ አላረፈበትም።»

በአገራችን መኪና ሲሸጥ «ሞተሩ ያልተነካ» ከማለት የበለጠ ምስጋና የለም። ያልተነካ ሞተር እንደ ክብር ይቆጠራል። «ለእኔ ሲሉ አንድ ሰው ጋ እንሂድ» ብዬ ለመንኳቸው። ለእኔ ሲሉ መኪናውን አዞሩት።

የወሰድኳቸው ልክነሽ ጋ ነው። ልክነሽ የኦቾሎ ሸማኔ ልጅ፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥታ ሲቀላ ጋራዥ የከፈተች ወጣት ናት። መኪናው በር ላይ ሳይቆም ራሷን ነቀነቀች።

«ጋሼ ይበልጣል፣ እንደምን ዋሉ? ዘይቱን መቼ ቀየሩት?»

«ለምን እቀይረዋለሁ ልጄ? ሲጎድል እሞላዋለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ ድምፁ ሲያስቸግረኝ ወፍራም ዘይት ጨመርኩበት፤ ለጥቂት ቀን ዝም ብሎ ነበር።»

«ዝም አሰኙት እንጂ አላዳኑትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?»

አቶ ይበልጣል ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ወቀሱኝ። ልክነሽ ግን ቀጠለች። ከሞተሩ ጥቂት ዘይት ቀድታ በነጭ ጨርቅ ላይ አፈሰሰችና ጨርቁን ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። በጥቁሩ ዘይት ውስጥ ቀያይ ፍንጣሪዎች አብለጨለጩ።

«ወርቅ ነው እንዴ?» አሉ ሽማግሌው ለመቀለድ።

«ብሮንዚኑ ነው ጋሼ። ኮሎው ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ትልቁ ብረት ነው፤ ቢየላው ደግሞ ፒስተኑን ከእሱ ጋር ያያይዛል። ሁለቱ እንዳይፋጩ በመሐላቸው ግማሽ ቀለበት የሚመስል ስስ ብረት ይቀመጣል፤ ብሮንዚን የምንለው እሱን ነው። ስስ የዘይት ንጣፍ ሊለየው አይገባም። ዘይቱ ከቆሸሸ ወይም ካነሰ ይበላል። የስፖርት ሞተር ደግሞ ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ቶሎ ይበላል። በዚያ ላይ ሚዜዎቹ ሙሽራ ቤት በር ላይ በቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ረግጠው ያስጮሁታል። ዘይቱ ገና ሳይደርስ ማለት ነው።»

«እሱ እኮ የሠርጉ ድምቀት ነው!»

«ድምቀቱ ነው ብረቱን የበላው።»

«ይሁን፣ ከሠርጉ በኋላ ይታያል» አሉ ቆጣ ብለው። «ዛሬ ፈትተሽው እሑድ ባይገጠምስ? ልጄ በባጃጅ ልትሸኝ ነው?»

«ባጃጅ ያደርሳታል ጋሼ። ይኼ ግን እንዲህ ሆኖ አያደርሳትም። ብሮንዚኑ ካለቀ ቢየላው ይሰበርና የሞተሩን ጎን በስቶ ይወጣል፤ ዘይቱ ጎማው ሥር ይፈሳል። ፍጥነት ላይ ሆነው፣ ሙሽራ ይዘው፣ ከኋላ የአጃቢ መኪና ተከታትሎ...»

ነገሩን አልጨረሰችውም። የአቶ ይበልጣል አንገት ግን አሁንም እንደ ደነደነ ነበር። እንግዲህ መምህር ከሆንኩ አይቀር አንድ ጥያቄ ልጠይቅ ብዬ ገባሁበት።

«ጋሼ፣ እርሻ ልማት ሳሉ ቦዩን መቼ ነበር የሚያስጠርጉት?»

«በበጋ ነዋ! ጎርፍ ሳይመጣ።»

«በበጋ ውሃው አይሄድም ነበር?»

«ይሄዳል እንጂ! የላንቴ ገበሬዎች እኮ ‹ውሃው እየመጣ ለምን ታስቆፍረናለህ› ብለው ስንቴ ተጣሉኝ። እኔ ደግሞ ‹ቦይ ከተደፈነ በኋላ ቢጠረግ ሙዙ ደርቆ ነው› እል...»

እዚህ ላይ ቆሙ። ጨርቁን ከልክነሽ እጅ ተቀብለው አንድ ጊዜ ፍንጣሪውን አዩ፣ አንድ ጊዜ እኔን። ከዚያ ሳቁ።

«አንተ ሰው በገዛ ቦዬ አሰጠምከኝ! ልጄ፣ ፍቺው። እኔ ግን ከዚህ አልነቃነቅም።»

እውነትም በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ በርጩማ ይዘው መኪናው ከቆመበት የጋራዡ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀመጡ። ልክነሽ ከሥር ገብታ የዘይት መያዣውን አወረደችና ብሮንዚኖቹን አንድ በአንድ አወጣች። ሁለተኛው ግራጫ ልባሱ አልቆ መዳቡ አግጥጧል፤ ጠርዙም ተሸራርፏል። ከዚያ ጥፍሯን በኮሎው ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈች። ኮሎው ተጭሮ ከሆነ ነገር አለቀ፤ እሑድም ቀረ። 

«ጥፍሬን አልያዘኝም» አለች ከታች ቀና ብላ። «ዳነ ጋሼ! አንድ ሳምንት ብንዘገይ አይድንም ነበር።»

አቶ ይበልጣል ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አዲሱ ብሮንዚን ሐሙስ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ደረሰ። ዓርብ ተገጠመ፤ ዘይቱም ማጣሪያውም ተቀየረ። ልክነሽም እንዲህ ስትል አሳሰበቻቸው፦ «ዘይቱን በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ከነማጣሪያው ይቀይሩ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አይርገጡት። የዘይቱ መብራት ከበራ እደርሳለሁ ሳይሉ እዚያው ያጥፉ። ብሮንዚኑን ደግሞ ዝም ባለበት ጊዜ እናየዋለን፤ እስኪጮህ አንጠብቅም።»

እሑድ ሙሽራዋ ስትወጣ መሪውን የያዘው ሚዜ እንደ ልማዱ ነዳጅ ሊረግጥ እግሩን አነሣ። «ተው! ይሙቅ!» ብለው ጮኹበት አቶ ይበልጣል። ላንቴን እንዳለፍን ደግሞ ቴፑን አስዘጉት። ምንም አልተሰማም፤ የጎማው ሹክሹክታና የጣይቱ ሳቅ ብቻ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዝምታ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምዕራብ ዓባያ ስንደርስ የሙሽራው አባት አቶ በርናባስ መኪናውን ዞረው ዞረው አዩትና «መቼም ሞተሩ ያልተነካ ነው» ብለው አሞገሱ።

አቶ ይበልጣል ከኮታቸው ኪስ ያን የተበላ ብሮንዚን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

«ተነክቷል! ሲቀላ ጋራዥ ያላት ልጅ ናት ፈትታ ያዳነችው። ባይነካ ኖሮ ምራትዎ እዚህ አትደርስም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፤ ቀድሞ የታየ ሞተር ዕድሜው ይረዝማል፣ ባለቤቱም በሰላም ይተኛል።»

አቶ በርናባስ ብረቱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ እንግዶቹ እንዳይሰሟቸው ወደ ጆሯችን ጠጋ አሉ።

«የእኔም የጭነት መኪና እኮ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ቋ ይላል። የልጅቷን ስልክ ይዛችኋል?»