ያደገደግነው ለማን ነው

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከኮልፌ ወደ መርካቶ ሰው በሚጭን ካሚዮን ላይ ቆሜያለሁ። መንገድ ላይ የጣሊያን ወታደሮች ኬላ ስለሚጠብቀን እንደ ሌላው ሰው ለእነሱ ክብር ነጠላዬን አደግድጌያለሁ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ነው አሉ የሚሠሩት?»

«አዎ። አዲስ ገቢ የማስተምረው እኔ ነኝ።»

«ምን ያስተምራሉ?»

«እጁን ይዞ ቤቱ እንዲገባ ነዋ! ባለፈው ክረምት ማሽኑን የሚያዞረው የቆዳ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የአንዱን ጋቢ ያዘና ክንዱን ይዞት ሄደ። ጣሊያኑ አለቃችን በቋንቋው ሲጮህ ነው የከረመው፤ ማን ይስማው?»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ጌታ ፊት እንደምትቆሙት አደግድጉ አልኳቸዋ! ይሄን የማያውቅ አበሻ አለ?»

«ነጠላ ማሰር ደግሞ ትምህርት ሆነ?»

«አዎ ሆነ! ጫፉ ትንሽ ከተንጠለጠለ ወንድሜም ቢሆን ከበር እመልሰዋለሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቺንጋው የማንንም ክር አልነካም።»

«አለቃውስ?»

«እሱማ ደስታውን አልቻለውም! ጠዋት ጠዋት ደረቱን ነፍቶ በመሃላችን ያልፋል። ለእሱ ያደገደግን መስሎታል።»

«ታዲያ አልነገሩትም?»

«ምን በወጣኝ! እኛ ያደገደግነው ለክንዳችን ነው።»

ኬላው ብቅ ሲል ወገቤ ላይ ያሰርኩትን ነጠላ ፈትቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩት።