ኻሊፍ ለልጁ ያላወረሰው

የተከበራችሁ ሼኾች፣ አባቶች፣ መምህራን፣ የኻሊፍ ተማሪ የነበራችሁ ሁሉ፣ በዚህ ፀሐይ ልትቀብሩት ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልን። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን አስተምረናል፤ እሱ ታሪክ፣ እኔ ጂኦግራፊ።

ኻሊፍ ስለ ካናዳ ፈረንሳዮች ያስተማረውን የረሳ አለ? እንግሊዞች አገራቸውን ከያዙ በኋላ፣ ቆይተው የእነሱንና የእንግሊዞቹን ግዛት በአንድ ምክር ቤት አዋሃዱ። "ለምን?" ይል ነበር ኻሊፍ። ቀስ በቀስ እንግሊዝ እንዲሆኑ ነዋ! የምክር ቤቱ መዝገብም በእንግሊዝኛ ብቻ ይጻፍ ተባለ። "እሺ፣ ፈረንሳይኛው ጠፋ?" አልጠፋም። አንድ ቀን "ለምን አልጠፋም?" ሲል አንዲት የቀፊራ ሰፈር ልጅ "ቤታቸው ውስጥ ስላልተዉት ነው" ብላ መለሰች። ክፍሉን ሁሉ አስጨበጨበላት።

ያን የሚያስተምር ሰው በገዛ ቤቱ ምን አደረገ? ሂሻም ሲወለድ አማከረኝ። ኻሊፍ አፉን የፈታው በሶማሊኛ ስለነበር፣ ልጅ ሳለ በአማርኛው ይስቁበት ነበር፤ ልጁ ላይ እንዲደርስ አልፈለገም። "በአማርኛ ብቻ አሳድገው፤ ሶማሊኛውን ከሰፈር ይለቅመዋል" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፤ እኔ ዘርዓብሩክ። ምን አገባኝ? ሰማኝ። እንግሊዝ ሳያዝዘው አደረገው።

አማርኛ የማይሰሙት የኻሊፍ እናት፣ የሂሻም አያት አዬዮ ሃሊሞ በር ላይ ተቀምጠው በሶማሊኛ ተረት ሲያወሩ፣ የጎረቤት ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ። ሂሻም ግን ፊታቸውን አይቶ ዘግይቶ ይስቅ ነበር። ኻሊፍና ሶማሊኛ የማልሰማው እኔ ቆመን አየነው። ኻሊፍ ወደ ውስጥ ገባ። ያኔም አልረፈደም ነበር። ግን "አሁንም ሶማሊኛ አስተምረው" አላልኩትም።

ዛሬ ንጋት ላይ ሆስፒታል አጠገቡ የነበረው ሂሻም ብቻ ነው። ኻሊፍ እጁን ይዞ ብዙ ተናገረ። ረጋ ብሎ፣ አደራ እንደሚሰጥ ሰው። በሶማሊኛ። ሂሻም "አባ፣ በአማርኛ ንገረኝ" እያለ ለመነው። አባቱ ወደ አማርኛው ሳይመለስ ዓይኑን ከደነ።

ሂሻም፣ ልጄ፣ አንተን የሚወቅስህ የለም። ጥፋቱ የአባትህና የእኔ ነው። የእኔ ይብሳል።

ከጠዋት ጀምሮ አዬዮ ሃሊሞ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ "ልጄ ምን አለ?" ይላሉ። እስካሁን የመለሰላቸው የለም። ከዚህ ስንመለስ እሳቸው ዘንድ የምገባው እኔ ነኝ።

ኻሊፍ ወንድሜ፣ አላህ በጀነት ያሳርፍህ። ደህና ሁን። እናትህን "አናውቅም" ልላቸው ነው፤ ለዚያም አስተርጓሚ ይዤ እገባለሁ።