ያልረጠበችው የሶፋ ልብስ

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። እዚህ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፤ ሶፋው አይነካም ተብሏል። የወንድሜ ቤት ደረጃ አደከመዎት አይደል? እኔም ቆም ቆም እያልኩ ነው የወጣሁት። እማዬን እኔ ጋ ወስጄ ላሳርፋቸው ብዬ ሻንጣቸውን እያዘጋጀሁ ነው። ወንድሜ ሥራ ነው። ሚስቱ ወጥ ቤት ዕቃ እያጠበች ነው... ባለሙያ ናት፣ እጇ አያርፍም።

ሶፋውን? አልሰሙም እንዴ? እማዬ ናቸው አሉ ሻይ የደፉበት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እንግዲህ እርጅና ነው። አንዲት ስኒ ሻይ... ሶፋውን ከዳር እስከ ዳር አረሰረሰችው፣ ከመቀመጫው አልፋ መደገፊያው ላይ ወጣች። የተባረከች ስኒ ናት እትዬ። እኔ ቤት በማንቆርቆሪያ አፍልቼም ለሰው አይዳረስልኝም።

ደግነቱ ቤቱ ኢንሹራንስ አለው። አርቆ አሳቢ ያለበት ቤት እንዲህ ነው። ዕቃ በድንገት ቢሰበር፣ ቢደፋበት ይከፍላል። ያረጀ ከሆነ ግን አይከፍልም አሉ... ሽቦው ወጥቶ ቀሚስ ቢቀድድም አይከፍልም። ታዲያ እርጅናው ከሶፋው ተነስቶ እማዬ ላይ ቢያርፍ ምን ይደንቃል? እሳቸው እንደሁ ለምደውታል። ድሮ "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" ይሉ ነበር። ዛሬ ሰው ሠልጥኗል፤ የፈሰሰ ሻይ አዲስ ሶፋ ሆኖ ይታፈሳል።

ያቺን አበባ ያለባትን የሶፋ ልብስ ያስታውሷታል? ባለፈው መጥተው ያደነቁላትን፣ አዲሷን... ምንም አልነካትም። የእማዬን ሹራብ ፍለጋ ቁምሳጥኑን ብከፍት፣ ተተኩሳ፣ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። ሁልጊዜ ሶፋው ላይ የምትውል ልብስ፣ ሻይ በፈሰሰ ዕለት ጠዋት ተነስታ ገባች። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" የሚባለው ለኛ ለዝርክርኮቹ ነው። ጠንቃቃ ሰው ድንገተኛው አደጋ ከመምጣቱ በፊት ቦታ ያዘጋጅለታል። እኔማ ቀናሁ፣ ምን ይደበቃል።

...የወጥ ቤቱ ቧንቧ ዝም አለ እኮ። ውሃ ሄደ መሰለኝ።

እማዬማ አምነዋል። "ባላስታውሰውም እኔው ነኝ እንግዲህ" ይላሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ቤት ሻይ አይጠጡም፤ ዛሬ ጠዋት በጆሮዬ "ክዳን ያላት የልጅ ስኒ ግዢልኝ" አሉኝ። እውነቱን ልንገርዎት እትዬ፣ አንጀቴ ነው የተቆረጠው። ነገ ደግሞ የኢንሹራንሱ ገማች ሲመጣ "እኔ ነኝ የደፋሁት" ብለው እንዲነግሩት ተለምነዋል... በአክብሮት፣ "እማማ" እየተባሉ። ለዚህ ነው ዛሬውኑ የምወስዳቸው። ገማቹ እንደሁ የሚመጣው ሶፋ ለማየት ነው፤ ቁምሳጥን ምን ያስከፍተዋል?

የለም፣ አልተቀየምኩም። ማንን ብዬ? እንዲህ ለቤቷ የምትሳሳ ሴት ከየት ይገኛል? ልጇን ድራ ለማየት ያብቃት። ዕድሜዋን ያርዝምላት፣ እጇ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ያኔም ብቻዋን አይተዋት... ልክ እንደሷ ያለች ምራት ይስጣት።