ነጠላዬን የከለከልኩ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ፊት ሆድ አይታመምም፣ አይርብም፣ አይጠማም። እናቴ እንዲያ ነው ያሳደገችኝ። ሰው ቤት ስንሄድ በሩ ላይ ታቆመኝና "የሚያምሽንም የሚርብሽንም እዚህ ጥለሽ ግቢ" ትለኛለች። ታዲያ ያ አስተዳደግ እዚህ ጆበርግ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ የሠራኝን ልንገራችሁ፤ ግን አትሳቁብኝ። አንቺ ሙሽራዪት ደግሞ ከአሁኑ ሳቅሽ!

ልጄ ሶስና ዳዊትን ያገኘችው ሥራ ቦታ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ አባቱ ዶክተር፣ እናቱ እትዬ ጽጌ፣ ቤታቸው ወዲያ በሰሜን በኩል፣ አጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለበት። እኛ ደግሞ መሃል ከተማው አጠገብ ቤሪያ ሰፈር፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመታት ያለፈው ፎቅ ላይ፣ ሽሮና በርበሬ እየሸጥኩ ነው ያሳደግኳት። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቶቹ ይተዋወቁ ተባለና፣ ዳዊት በሐምሌው ዕረፍት፣ ያው የዚህ አገር ክረምት ነው፣ "እማማ፣ ወደ ሌሶቶ ተራሮች በረዶ ጥሏል፣ ደርሰን እንምጣ፣ ማታ እንመለሳለን" አለኝ። እኔ በረዶ የማውቀው ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፣ መሬት ላይ ተኝቶ የሚውለውን አላውቅም። እሺ አልኩ። ምን ልበል? የልጄ ትዳር ነው።

ታዲያ ያቺን ነጭ ባለ ጥበብ ነጠላዬን ከካፖርቴ በላይ ጣል አድርጌ ጎህ ሳይቀድ ወጣን። መኪናው የዶክተሩ ነው፣ አዲስ፣ ወንበሩ ክሬም ቆዳ፣ ገና ስትቀመጪበት የምታቆሽሺው ይመስልሻል። ዳዊት ይነዳል፣ ሶስና አጠገቡ፣ እኔና እትዬ ጽጌ ከኋላ። ዶክተሩ ተረኛ ነበርና አልመጣም።

የሐዋርያት ጾም ገና አልተፈታም ነበር፣ እና እኔ ሰዓቱ ሳይደርስ እህል አልቀምስም። ነዳጅ ማደያ ስንቆም እትዬ ጽጌ ድንች ጥብስ ይዛ መጣች፣ ዘይት ውስጥ የሚዋኝ።

"የጾም ነው፣ ይብሉ እትዬ ወርቄ።"

"ጠግቤያለሁ እትዬ።"

"በሞቴ!"

"ኧረ ሰዓቱም ገና…"

"መንገደኛ ምን ሰዓት አለው? አፈር ስሆን!"

አፈር ልትሆን ነው እንግዲህ፣ የዶክተር ሚስት። አጎረሰችኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመችኝ። እኔም አጎረስኳት፣ እኔም ደገምኳት። ልጆቹ ከፊት በመስታወት እያዩን "ተዋደዱ፣ ተዋደዱ" ይላሉ።

ከዚያ ተራራው መጣ። መንገዱ እንደ አንጀት ይጠማዘዛል፣ እና ውጪው ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ገደሉ ነጭ፣ አጥሩ ነጭ፣ ላሞቹ ብቻ ጥቁር። ሶስና "ዋው! እማዬ፣ እዪ! እዪ!" ትላለች። እኔ ምኑን አያለሁ፣ ዓይኔን ከገለጥኩ ድንቹ ይመጣል። እትዬ ጽጌም ዓይኗን ጨፍና ወደ መስኮቱ ዞራለች። በልቤ "ሰለቸኋት" አልኩ።

"ዳዊት፣ አቁምልኝ" ማለት ነበረብኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ግን የልጄ አማት ፊት? እመቤቴን "ዛሬን ብቻ ሰውሪኝ" ብዬ ለመንኳት። እና መጣ። ወንበሩ ክሬም ነው፣ ምን ላድርግ፣ በነጠላዬ ተቀበልኩት! ሙዚቃው ይጮሃል፣ እኔ እንደሚያስል ሰው አጎንብሼ… ጠቀለልኩት፣ ጠቀለልኩትና ከካፖርቴ ሥር እንደ ሕፃን አቀፍኩት።

ሽታ ግን አይጠቀለልም።

"ምንድነው የሚሸተው?" አለ ዳዊት። "ሶስና፣ ጫማሽ ነው?"

"የኔ? ያንተ ነው እንጂ!"

"ማሚ፣ ቦርሳሽ ውስጥ የተበላሸ ነገር አለ?"

እትዬ ጽጌ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ዳዊት አራቱንም መስኮት ከፈተው፣ እና የበረዶው ነፋስ ገባ፣ ኧረ ምን ዓይነት ነፋስ! እትዬ ጽጌ ጥርሷ ተንገጫገጨ። ካፖርቷ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፣ መንገዱ ደግሞ እዚህ ላይ በረዶ ሊያይ በመጣ መኪና ተሞልቶ መቆሚያ የለውም። ታዲያ ወደኔ ዞረችና፦

"እትዬ ወርቄ፣ ያን ከካፖርትዎ ሥር ያደረጉትን ነጠላ ጣል ያድርጉልኝ እስኪ፣ በረደኝ።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ካፖርቴን ልስጥዎ እንዳልል ጉዴ ያለው ከሥሩ ነው።

"አይሆንም" አልኩ።

"ምን አሉ?"

"ነጠላው… የቅዳሴ ነው።"

ውሸት! በጾም! የቅዳሴን ስም ጠርቼ!

"የቅዳሴ ነው? እኔስ ያልተጠመቅሁ ነኝ?"

"እማዬ!" አለች ሶስና ዞራ። "ምን ሆነሻል? ስጫት እንጂ!" ፊቷ በእፍረት ቀልቷል። እኔ አጥብቄ አቀፍኩት። ከዚያ በኋላ ሙዚቃውም ጠፋ።

ደረስን። ልጆቹ በረዶ ሊወራወሩ ሮጡ፣ እኔ ከዓለት ጀርባ ሄጄ ነጠላዬን በበረዶ እፈትጋለሁ። በረዶ ሳሙና አይደለም፣ ልጆቼ። እጄ ደነዘዘ፣ እድፉ ግን እዚያው ነው። ታዲያ ከኋላዬ "ወርቄ!" የሚል ሰማሁ። አንቱታው ቀርቷል። ነጠላውን ሰብስቤ ጡቴ ሥር ወሸቅኩት።

"ፊት ለፊት ንገሪኝ። ልጄን አልወደድሽውም።"

"ኧረ በፍጹም…"

"ነጠላ የነፈገ ልጅ ይሰጣል? ማታ ለባሌ እነግረዋለሁ፣ ሽማግሌም አይላክ። ከነክብራችን እንቅር።"

ነጠላዬን ካልገለጥኩ የልጄ ትዳር ሊፈርስ ነው፣ ከገለጥኩ እኔ ልፈርስ ነው። ገለጥኩት።

ጎንበስ ብላ አየች። ድንቹን አወቀችው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ እና እኔ ልትስቅብኝ መሰለኝ። የት! ዞር እንኳ ሳትል እዚያው፣ ነጩ በረዶ ላይ፣ ያን ሁሉ ያጎረስኳትን መለሰችው። ሮጬ ግንባሯን ደግፌ ያዝኩላት።

"ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ጀምሮ ስታገለው ነበር" አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

"ታዲያ ልጅሽን አቁም አትይውም?"

"አንቺ ፊት?"

እንደ ድመት በእግራችን በረዶ አለበስነውና፣ አንዷ ሌላዋን ሳታይ ተያይዘን ወጣን። ሶስና "ኑ፣ ፎቶ!" ትላለች። ያ ፎቶ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል፤ እንግዳው ሁሉ "እናቶቹን ብርዱ ጎድቷቸዋል" ይላል።

ሽማግሌውም መጣ፣ ሠርጉም አለፈ። ዶክተሩ መኪናው ውስጥ አይጥ ሞታለች ብሎ ወንበሩን አስፈትቷል አሉ። ለዚያች ውሸቴ ንስሐ ገብቼ ሰግጄባታለሁ፣ እግዜር ይቅር ይለኛል። እኔ ግን እነሱ ቤት ድንች ሲቀርብ አሁንም ቀና ብዬ ሰው አላይም።

አንቺ ሙሽራዪቱ፣ አማቶችሽ በመኪና ደርባን እንውሰድሽ ብለዋል አይደል? ሆድሽ ሲረበሽ "አቁሙልኝ" በይ። ማንም አይሞትም።

"እሺ፣ እማማ ወርቄ። እርስዎስ አሁን ቢሆን 'አቁሙልኝ' ይላሉ?"

እኔ? እኔማ ሁለት ነጠላ ነው የምይዘው!