ጠበሉ ደጃፍ የተቃጠሉት ግጥሞች

ወይዘሮ ማኅደረማርያም ከቅኔ መምህሩ ከመሪጌታ ገብረአማኑኤል ወልደተንሣኤ እና ከወይዘሮ ውዴ ታደለ በአንኮበር ተወለዱ። ገና ፊደል ሳይቆጥሩ፣ አባታቸው ለተማሪዎቻቸው የሚነግሩትን ቅኔ ጓዳ ሆነው በቃላቸው ይይዙ ስለነበር፣ ዘመድ ሁሉ እየተደነቀ ይመርቃቸው ነበር። ያው ዘመድ ዛሬም እዚህ ቀብራቸው ላይ ቆሟል።

በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ቻይንኛ አጥንተው፣ ደብረ ብርሃን በሚገኝ ፋብሪካ በአስተርጓሚነት ተቀጠሩ። እዚያም ከሺህ ዓመት በፊት የኖሩ አንድ የቻይና ባለቅኔ ግጥሞች እጃቸው ገቡ። ባለቅኔው የንጉሥ ሹም ነበሩ፤ የረሃብተኛውን እህል የበሉ መኳንንትን በግጥም ስለነኩ ወደ ሩቅ ተራራ ተግዘው፣ ሚስታቸውን ዳግም ሳያዩ ሞቱ። ወይዘሮ ማኅደረማርያም እነዚህን ግጥሞች ወደ አማርኛ መመለስን የሕይወታቸው ሥራ አደረጉት፤ ቻይንኛውን በብሩሽ ጽፈው፣ አማርኛውን ከሥሩ አስፍረው፣ ከአልጋቸው ራስጌ ይለጥፉት ነበር።

ከአቶ ቴዎፍሎስ ኃይለኢየሱስ ጋር በተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ሣራን ወለዱ።

ኩላሊታቸውን ታምመው በተኙ ጊዜ፣ ሊጠይቁ የመጡት አክስታቸው ወይዘሮ አልታየች ግድግዳውን አይተው «የደብተራ አስማት ራስጌዋ ለጥፋ እንዴት ትዳን!» አሉ። የታማሚዋ ባለቤት አቶ ቴዎፍሎስ የቻይና ፊደል መሆኑን ቢያስረዱ «አንተ ዝም በል፤ አንተም ዞሮብሃል» ተባሉ። አቶ ቴዎፍሎስ ለሐኪም ቀጠሮ መኪና ሊፈልጉ በወጡበት፣ ወረቀቱ ሁሉ በዘመድ እጅ ተገንጥሎ ጠበሉ ደጃፍ ተቃጠለ፤ ታማሚዋም ከነትኩሳታቸው ጠበል ተወሰዱ፤ ቀጠሮው አለፈ። መሪጌታ ገብረአማኑኤል ቆመው አዩ እንጂ አንዱን እንኳ አንሥተው አላነበቡም። አማርኛው ከሥሩ ተጽፎ ነበር።

ወይዘሮ ማኅደረማርያም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በአባታቸው ቤት እንደለመዱት ግጥሞቹን ከቃላቸው እያወጡ ለባለቤታቸው ነገሩ፤ ባለቤታቸው ሲሳሳቱም መልሰው ያስብሏቸው ነበር። ሁሉን ሳይጨርሱ ትናንት ረፋድ ላይ በሠላሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

መሪጌታ በልጃቸው መቃብር ላይ ቅኔ ለማቅረብ ጠይቀዋል። የሟቿ ባለቤት አልፈቀዱም። በምትኩ ከተቃጠሉት አንዱ ይነበባል፤

ነፋስ ነው እያልኩኝ ደጄን ሳልከፍትለት፣
ሲነጋ ውርጩ ላይ ዱካውን አየሁት፤
ዱካውን ይዤ ሄድኩ እስከ ታች ሸለቆ፣
እንግዳዬ የለም፣ ሄዷል እጅግ ርቆ።

ይህን ለቀስተኛው ሁሉ ሰምቷል፤ ከእንግዲህ የሚነድ ወረቀት አይደለም።

ወይዘሮ ማኅደረማርያም ባለቤታቸውን፣ የሁለት ዓመት ልጃቸውን ሣራን፣ እናታቸውንና አባታቸውን ትተው ሄደዋል። ዘመድ ደጁን የዘጋባቸውን፣ እግዚአብሔር የገነትን ደጅ ከፍቶ ነፍሳቸውን ይቀበል። አሜን።