ነፋሱን የላከችው ደመና

አያ ታፈረ ነፋስ ሲለምኑ ሦስት ቀን ሆናቸው። የወቁት ገብስ ከነገለባው አውድማ ላይ ተቆልሏል፤ ነፋስ ካልመጣ ገለባው አይለይ፣ ገለባው ካልተለየ ጎተራ አይገባ። የዓመት ቀለባቸውም ዘራቸውም እሱው ነው። በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ድንገት ሲነሳ «ተመስገን!» ብለው ክምሩን ያለበሱትን ሸራ ገፈፉና እህል ማዝሪያ ላይዳቸውን አነሱ።

ይኼኔ የኔነሽ በአውድማው ጥግ ስታልፍ አየቻቸው። ንፋስ መውጫ ከተማ ጂኦግራፊ የምታስተምር፣ ለእረፍት ወላጆቿ ዘንድ የመጣች የጎረቤት ልጅ ናት።

«ያበርክትልዎ፣ አያ ታፈረ። ግን እባክዎ ሸራውን ይመልሱት።»

«አሜን። ምን ሆንሽ ልጄ? የለመንኩት ነፋስ ገና መምጣቱ ነው!»

«ነፋሱን የላከችው ያቺ ናት» ብላ ከተራራው ጀርባ የቆመችውን ደመና አሳየቻቸው።

አያ ታፈረ ሳቁ። «ነጭ ናት እኮ! የሚዘንበው ጥቁሩ ነው፤ ይኼንንማ በሬዬም ያውቀዋል። ደግሞስ በጥር?»

«ቀለሟን ይተዉና ቅርጿን ይዩ። ከፍ ብሎ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሳሳው ለዛሬ ጉዳት የለውም። ሥሩ ጠፍጣፋ፣ ትንንሽ ክምር ክምር ያለውም የብራ ቀን ደመና ነው። ሰማዩን እንደ ጋቢ የሸፈነው ግራጫ ቀስ ብሎ ያካፋል። ይቺ ግን ሽቅብ ተቆልላ አናቷ አንጥረኛ ብረት እንደሚቀጠቅጥበት መስፍ ተንጣሏል። ነጭ የመሰለችን ከሩቅ ፀሐይ ስላረፈባት ነው እንጂ ሆዷ ጥቁር ነው። በረዶ የምታወርደው እሷ ናት፤ ቀዝቃዛ ነፋሷም ቀድሟት ይመጣል።»

«የሰማይን ነገር የሚያውቀው ባለቤቱ ነው!» አሉ ቆጣ ብለው። በልጅነታቸው ቤተ ልሔም ደብር ዳዊት ደግመዋልና በሃይማኖት የሚከራከራቸውን አይወዱም።

«እውነትዎን ነው። ግን ኤልያስ ለዝናብ ሲጸልይ ብላቴናውን ‹ወደ ባሕር ተመልከት› እያለ ሰባት ጊዜ ልኮት የለም? ደመናዋ ስትታይም ንጉሡን ‹ዝናቡ ሳይከለክልህ ውረድ› አለው። ማየት ድፍረት ቢሆን ነቢዩ ይልከው ነበር?»

አያ ታፈረ ወደ ደመናዋ ቀና ብለው አዩ። በገዛ መጽሐፋቸው መረታት ያማል፤ ደስም ይላል። አምና በዚሁ በጥር በረዶ የጎረቤታቸውን የጌታነህን አውድማ ያራቆተ ዕለት ትዝ አላቸው። ያን ቀንም ነፋስ ቀድሞ ነበር።

«በይ፣ ያዢ በዚያ በኩል!»

ሸራውን ስበው ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። ቤት ሳይደርሱ በረዶው ወረደ።

በማግሥቱ ሸራውን ሲገልጡት ገብሱ እንደደረቀ ነበር። አያ ታፈረ እፍኝ ሲዘግኑ እንባቸው መጣ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ። ጎተራዬን አተረፍሽልኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገበሬው ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ሲሰበሰብ አያ ታፈረ ተነሡ። «ሰማይን ሳንለይ እያየን ስንት እህል አጣን! ደመና የሚለይ ሰው የሚያጭድበትን፣ የሚወቃበትን ቀን ያውቃል፤ ከብቱንም ወንዝ ሳይሞላ ያሻግራል። ይኼን ያወቅሁት ከዚች ልጅ ነው። የኔነሽ፣ ተነሽና አስተምሪን።»

እሷ ስትነሣ፣ አያ ታፈረ የሽማግሌ ወንበራቸውን ትተው ከፊቷ መሬት ላይ፣ ዳዊት እንደሚማር ልጅ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።